የልብስ ሰፊው የመኖሪያ ፈቃድ

በጃንሆይ ዘመን፣ ደብረ ማርቆስ በሚገኘው የጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት፣ የጽሕፈት መኪና የምመታ ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ሹማምንቱ ያረቅቃሉ፣ እኔ እመታለሁ፤ ከእኔ የሚጠበቀው ፊደል አለመግደፍ ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት የክፍላችን ኃላፊ አንድ ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ገበያው ዳር ለሚኖሩት የመናዊ ልብስ ሰፊ የተጻፈ ነው። የመኖሪያ ፈቃዳቸውን በጊዜው ስላላሳደሱ በሠላሳ ቀን ውስጥ ከአገር እንዲወጡ ያዛል።

እጄ ቁልፎቹ ላይ ቀረ። ሰውየው በጎረምሳነታቸው መጥተው፣ በአቅራቢያው ካለችው ከአምበር ከተማ ሴት አግብተው፣ ልጆቻቸውን እዚሁ ያሳደጉ ናቸው። እስላም ይሁኑ እንጂ የቄሶቹን ካባ ሳይቀር የሚሰፉት እሳቸው ነበሩ። ደንቡ ግን የውጭ አገር ሰው ሁሉ በየዓመቱ ራሱ አዲስ አበባ ቀርቦ ፈቃዱን ያሳድስ ይላል። በዚያ ክረምት ደግሞ እግራቸው አብጦ ከአልጋ አልወረዱም። በዚያ እግር ዓባይ በረሃን በአውቶቡስ እንዴት ይሻገሩት?

«ጌታዬ፣ እኚህን ሰው ያውቋቸዋል?» አልኋቸው ኃላፊውን።

«የለበስሁትን ኮት የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው» አሉ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ። «ደንቡን ግን እኔ አላወጣሁትም።»

«ያወጣው ሰው ነው፤ ሰው ያሻሽለዋል።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥሁ። ሥራዬን ያጣሁ መሰለኝ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ምን ይሻላል ትያለሽ?» አሉኝ።

«እዚሁ ቢታደስላቸውስ? የሚያውቃቸው ሰው ያለው እዚሁ ነው። አዲስ አበባ ያለ ጸሐፊ ማንነታቸውን በምን ያውቃል?»

ረቂቁን አንስተው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «በይ አሁን ያልሽኝን ጻፊው፤ ለበላይ እናቀርበዋለን። ግን ምስክር ያስፈልጋል።»

የራሴን ሐሳብ በዚያ መኪና ስመታ የመጀመሪያዬ ነበር። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድሁት፤ አራተኛውን አስቀረሁት።

ከሥራ ስወጣ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ሄድሁ። እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ቁልፍ ይተክላሉ። የመጣሁበትን ስነግራቸው መርፌውን አስቀመጡና፣ ጎጃሜ በሆነ አማርኛቸው፣ «ልጄ፣ የመን ብመለስ ማን ያውቀኛል? ያውቁኝ የነበሩት ሞተዋል» አሉኝ።

ሚስታቸው ከጓዳ ሰምተው ኖሮ ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። «የጠፋው ምስክር ነው? እሱን ለእኔ ተዉልኝ» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ የጽሕፈት ቤቱ ደጅ በሰው ሞላ። ቄሶች፣ እስላም ነጋዴዎች፣ ከአምበር የመጡ አማቾች ሳይቀሩ ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ ቄስ የምስክርነቱን ወረቀት ለመፈረም አውራ ጣታቸውን ቀለም እያስነኩ፣ «እሱ እንግዳ ከሆነ እኛስ ማን ልንባል ነው?» አሉ። ጸሐፊዎቹ ሁሉ ሥራቸውን ትተው ያዩ ነበር።

ደብዳቤው ከምስክሮቹ ፊርማ ጋር ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ወራት አለፉ። የማስወጫው ትእዛዝ የት ደረሰ ተብለው በተጠየቁ ቁጥር ኃላፊው «ጉዳዩ ገና አልተወሰነም» እያሉ ይመልሳሉ። በኋላ እንደገባኝ፣ ትእዛዙን መሳቢያቸው ውስጥ ሲያቆዩ ሹመታቸውን አስይዘው ነበር።

መልሱ የመጣው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ኃላፊው አስጠርተው «አንቺው አንብቢው» አሉኝ። በየጠቅላይ ግዛቱ ለብዙ ዘመን የኖሩ የውጭ አገር ሰዎች በአገር ሽማግሌዎች ምስክርነት፣ በሚኖሩበት ከተማ ፈቃዳቸው ይታደስላቸው ይላል። ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለአገሩ ሁሉ። መካከሉ ላይ ስደርስ ተመልሼ አነበብሁት፤ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አንድ ቃል ሳይለወጥ የእኔ ነበሩ።

ልብስ ሰፊው ከዘራቸውን ተመርኩዘው መጡ። ቅጹን የሞላሁላቸው እኔ ነኝ። «የመኖሪያ ስፍራ» የሚለው ጋ ስደርስ ለወጉ ያህል ጠየቅኋቸው።

«ደብረ ማርቆስ ነዋ! ሌላ የት አለኝ?» ብለው ሳቁ።

በሳምንቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሕንዳውያን መምህራን ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ኃላፊው ቢሮ መጡ። በሩ ክፍት ስለነበር ኃላፊው የመለሱላቸውን ሰማሁ፤ «ወደዚያች ልጅ ሂዱ፤ ይህን ሥራ ከእኔ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት» አሏቸው። ቀና ብዬ ተቀመጥሁና አዲስ ወረቀት መኪናው ውስጥ አስገባሁ።