የፀጉር አስተካካዩ እጅና ጨው አልባው ድስት

ሰፈሩ «እጀ ሐር» ይለዋል፤ ምላጭ ሲይዝ እንደሱ የሚለሰልስ ፀጉር አስተካካይ የለም። ያ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር «መጠጥ ለምዷል» ተባለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ወሬውን የሰማው ከሁሉም በኋላ፣ የጎረቤቱን የልብስ ሰፊውን አገጭ የቆረጠ ዕለት ነው። ሰፊው ደሙን በፎጣ እየጠረገ፣ «ወንድሜ፣ ጠዋት ጠዋት እንኳ ብትተወው ምናለ?» አለው። ጠብታ ሳይቀምስ ሰካራም መባሉ አንገበገበው።

ቤት ሲገባ እየተንገዳገደ ነበር፤ ደርሶም አስመለሰው። «ጉድ ያደረገኝ ይሄ መድኃኒት ነው» አለ ለሚስቱ። «ሁለተኛ አልውጠውም!»

ሚስቱ ክው አለች። መድኃኒቱ ሊቲየም ይባላል፤ ስሜቱ አንዴ ሰማይ እየወጣ፣ አንዴ መሬት እየወረደ ለሚያሰቃየው ሕመም የታዘዘለት ነው። ሳይጀምረው በፊት እንቅልፍ አጥቶ የሱቁን ወንበሮች ለአላፊ አግዳሚው አድሎ ጨርሷል፤ ከዚያ ደግሞ ወራት ከአልጋ አልወረደም።

«ሳይቃጠል በቅጠል፤ ተነስ፣ አሁኑኑ መድኃኒቱን ያዘዘችልህ ሐኪም ጋ!» አለችው። «ተው ካለችህ ትተዋለህ።»

ሐኪሟ አራመደችው፤ ደምም አስወሰደች። መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ።

«ክኒን ጨምረው ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«የሕመም ማስታገሻ ወስደዋል? ምግብ ላይስ የተለወጠ ነገር አለ?»

«ምንም» አለ። ሚስቱ ግን አፏን በእጇ ያዘች። «ወይኔ፣ ጨው!»

አብረዋቸው የሚኖሩት አባቷ ለደም ግፊታቸው ጨው ይቀንሱ ተብለዋል። ሽማግሌው ለብቻቸው ለዛ ቢስ ምግብ ሲያላምጡ ማየት ከብዷት፣ ጨውን ከቤቱ ድስት ጨርሳ አስወጣችው። ለአባት ማዘን ባል ይመርዛል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

«ጨው በድንገት ሲቀንስ ኩላሊት ሊቲየሙን ይዞ ያስቀረዋል» አለች ሐኪሟ። «ሳያማክሩን ጨው አይቀንሱ፣ አይጨምሩ። ውሃ በደንብ ይጠጡ። ማስታገሻም ሳይጠይቁን እንዳይገዙ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፤ እንዲህ ሲያንቀጠቅጥዎ ግን ሳያድሩ ይምጡ።»

አስተኝታ ፈሳሽ ሰጠችው። ክኒኑን ራሷ ለጊዜው አቁማ፣ ደሙን እየለካች መልሳ አስጀመረችው። ቤት ውስጥም ድስቱ ሁለት ሆነ።

እጁ ረጋ፤ ልቡ ግን አልረጋም። ሱቁን ከፍቶ በመቀስ ብቻ ይሠራ ጀመር። ጢም ሊላጭ የመጣውን ሁሉ «ምላጭ አልቋል» እያለ ይመልሳል። በዚህ አያያዝ ሱቁ ወር እንደማይዘልቅ ሚስቱ ለአባቷ አልቅሳ ነገረቻቸው።

በማግስቱ ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው መጡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ጢሜን!»

«አባባ፣ ትንሽ ይታገሱኝ። እጄን አላመንኩትም።»

«እጅህን ማን ጠየቀህ? አንገቱ የኔ ነው» አሉና ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉ።

መሳቢያውን ከፍቶ ምላጩን አወጣ። አረፋውን ቀባቸው። ጉሮሯቸው ጋ ሲደርስ ላብ አጠመቀው፤ «ጎረበጠዎት እንዴ?» ብሎ በቀስታ ጠየቃቸው።

ሽማግሌው እያንኮራፉ ነበር።