የጋሼ ሃብተአብ ደወልና የቆርቆሮዋ መርከብ

ካዛንቺስ ውስጥ ከመፍረስ በተረፉት ካፌዎች እንደሚወራው ከሆነ፣ የቂርቆሱ ጋሼ ሃብተአብ ቀይ ባሕር ላይ ሦስት መቶ ሰው የጫነ መርከብ ከመስጠም አድነዋል። መርከቡ ከሥር ተቀዶ ውኃ ሲያስገባ እሳቸው የፈለሰፉት ደወል አምባረቀ፤ የተኛው ሁሉ ብድግ አለ፤ ቀዳዳው ተደፈነ። ግሪካዊው ካፒቴን እያለቀሰ ጉልበታቸውን ስሞ የወርቅ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ሰጣቸው።

ይህን ወሬ ለማመን አንዳንድ እንቅፋቶች አሉ። ተሳፋሪው አምና መቶ ሃምሳ ነበር፤ አንድ ማኪያቶ በታዘዘ ቁጥር አምስት አምስት ሰው እየገባ ነው እዚህ የደረሰው። የሜክሲኮ ታክሲ እንኳ እንዲህ አይጭንም። ካፒቴኑ አንዳንድ ቀን ጣሊያን ይሆናል። የወርቅ ሰዓቱንም ያየ የለም፤ ጋሼ ሃብተአብ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቁት መንገደኛ ጠይቀው ነው።

ደወሉ ግን እውነት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የጋሼ ሃብተአብን ደወል የማያውቅ፣ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው ወይ የማይታጠብ ሰው። ነገሩ ቀላል ነው፦ ባዶ የወተት ጣሳ ሮቶው ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ውኃ ሲገባ ጣሳው ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲል ሁለት ሽቦ ያገናኛል፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የበር ደወል ይጮኻል። ከዚያ ሰፈሩ ባልዲ ይዞ ይነሳል፤ ጎረቤት ከጎረቤት በፒጃማ ይተዋወቃል።

ጋሼ ሃብተአብ አክሱም አካባቢ ተወልደው በወጣትነታቸው ለሥራ አሰብ የወረዱ፣ የጀልባ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ነገር ሲለዋወጥ አንድ የመፍቻ ሣጥን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ ከላንቻ ወደ ቂርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር የውኃ ፓምፕ መጠገኛ ከፈቱ። ከመሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡትን ወይዘሮ መብርሂትን ያገቡትም እዚሁ ነው። አንድ ጠባይ አላቸው፦ ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ሞቶ የቀዘቀዘ ፓምፕ ቢያመጡላቸው እንኳ «ትንሽ ደከም ብሎታል» ነው የሚሉት። ባለቤቱ ተስፋ አድርጎ ሳምንት ይመላለሳል።

ጣጣው የጀመረው እድር ስብሰባ ላይ ነው። ሊቀ መንበሩ አቶ ታዲዎስ፣ ስብሰባ ካላዩ ደም ግፊታቸው የሚነሳባቸው የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ተነሥተው «እስከ መቼ ነው ሰው የምናከብረው ድንኳን ጥለን? አቶ ሃብተአብን እንኳ በቁማቸው እናክብር እንጂ!» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ፈረሰ። በያጁ ፍሬአብ፣ ሥነ ጥበብ ተምሮ የመስኮት ፍርግርግ እየሠራ የሚኖር ጎረምሳ፣ «እኔ የመርከብ ሐውልት እሠራለሁ። ሁሉም ቤቱ የወደቀ ብረት ያምጣ» አለ።

ጋሼ ሃብተአብ ብድግ አሉ። «ኧረ ተዉ፣ እኔ ምን ሠርቼ!»

እዚህ ላይ ነው የሰውየው መከራ። በእኛ ዘንድ «በቃኝ» ያለ እንግዳ ጠግቦ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ባለቤት አለ እንዴ? ገና ነው፤ ይለመን እንጂ። ጉልበት ሲሳሙ ወደ ኋላ የሚሉት፣ ሲመሰገኑ «ኧረ ምን ሠርቼ» የሚሉት ደንብ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ጋሼ ሃብተአብ እውነታቸውን «ምንም አልሠራሁም» ሲሉ፣ እድሩ የሰማው ጨዋ ሰው የሚለውን ነው።

«አያችሁ ትሕትና!» አሉ አቶ ታዲዎስ። ጭብጨባው እጥፍ ሆነ።

የእድሩ ግቢ በሳምንት ውስጥ ወደብ መሰለ። የመርከቧ ሆድ ከሁለት ላዳ ታክሲ ጣሪያ ተበየደ። የእድሩ የተጣመሙ የድንኳን ብረቶች ምሰሶ ሆኑ፤ የዛጉ ዲሾች ሸራ። ከካዛንቺስ የተነሡ ሰዎች የቀድሞ ቤታቸውን በር ከሄዱበት ድረስ በጭነት መኪና አምጥተው፣ ቤቱ የሌለው በር መርከብ ላይ ሲሰቀል ቆመው አዩ። ከሁሉ ላይ የጋሼ ሃብተአብ ምስል ቆመ፤ ጭንቅላቱ የፓምፕ ቅርፊት፣ አፍንጫው የፓምፑ የውኃ መውጫ።

«ድስቴ የታለ?» ይላሉ ድስታቸውን ያዋጡት ወይዘሮ አሰፋሽ በየቀኑ ብቅ እያሉ።

«ጭስ መውጫው ላይ ነው፣ እማማ» ይላል ፍሬአብ።

«ከኋላ? ሃያ ዓመት ሽሮ የሠራሁበት ድስት ከኋላ አይቆምም! የማንም ባልዲ ከፊት ተጎልቶ!»

ጋሼ ሃብተአብ ግን እንቅልፍ አጡ። በእርግጥ ሐውልቱ ብቻ ቢሆን ችለውት ነበር። አቶ ታዲዎስ ነገሩን ሲያሳምሩት ግን አንድ ሰው ጨመሩበት፤ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ጀልባ ያለው ተካ። የሰፈሩ የጽዮን ማኅበር በየዓመቱ ለሕዳር ጽዮን ሐይቁ መሀል ደሴት ላይ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን የሚሻገረው በእሱ ጀልባ ነው። ወይዘሮ መብርሂትም ስእለት አለባቸው። አቶ ታዲዎስ ታዲያ ከእድሩ ሮቶ አንድ ደወል አስፈትተው፣ በምረቃው ቀን ለተካ በክብር ሊያስረክቡ ቆረጡ። «ደወሉ ወደ ውኃው ይመለሳል!» ይላሉ፣ በስልክም በአካልም።

ጋሼ ሃብተአብ መጀመሪያ የሄዱት ፍሬአብ ዘንድ ነው። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ቢቀር።»

ፍሬአብ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «ጋሼ፣ አይጨነቁ። ሰምቻለሁ። አፍንጫዎትን አሳንሰዋለሁ።»

አቶ ታዲዎስ ዘንድ ሄዱ። «ደወሉ ለሮቶ ነው እንጂ ለጀልባ ... ማለቴ፣ ውኃ ላይ ትንሽ ያስቸግራል።»

«አቶ ሃብተአብ! የእርስዎስ ትሕትና በዛ! ሰው ልጁን ሲድር እንኳ እንደዚህ አይግደረደርም።»

ቤታቸው ገብተው ተቀመጡ፤ ተነሡ፤ ደግሞ ተቀመጡ። ወይዘሮ መብርሂት ነጠላቸውን እያጠፉ ነበር።

«መብርሂት፣ ዘንድሮ አትሂጂ።»

«ስእለት አለብኝ እኮ።»

«ጀልባው ላይ ያንን ደወል ሊያደርጉበት ነው።»

«እሱን ሰምቼ ነው ልቤ ያረፈው! ድሮማ እስክንሻገር ጸሎቴን ሦስቴ ነበር የምጨርሰው።»

«ደወሉ ጀልባ ላይ ብዙም ... ብዙም አይመችም።»

«እዋይ! ከሰፈሩ ሰው ባሌን ያላከበረው አንተ ብቻ ነህ» ብለው ሳቁ። «ያ ደወል ስንቴ ነው ከእንቅልፌ ያባነነኝ?»

እሱ ነው ችግሩ። ደወሉ ይሠራል። ሮቶ ውስጥ ንጹሕ ውኃ ጸጥ ብሎ ነው የሚወጣው። የጀልባ ሥር ግን ዘይት አለ፣ ጭቃ አለ፣ ደግሞ ይናወጣል። ጋሼ ሃብተአብ ይህን ያውቃሉ፤ ቃሉን ግን ከጉሮሮአቸው ማውጣት አቃታቸው። ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ «ትንሽ ደከም ብሎታል» ሲል የኖረ ምላስ በአንድ ሳምንት አይታጠፍም።

ከሕዳር ጽዮን በፊት ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ግቢው ሞላ። መርከቧ በድንኳን ሸራ ተሸፍናለች። ከፊት ወንበር ላይ የማኅበሩ ሴቶች በነጭ በነጭ ተደርድረዋል፤ ወይዘሮ መብርሂት መሀል ላይ። አቶ ታዲዎስ ማይክ ያዙ። በንግግራቸው መርከቡ ላይ የነበረው ሕዝብ አራት መቶ ደረሰ። ሸራው ተገፈፈ፤ እልልታ። ወይዘሮ አሰፋሽ ድስታቸውን ፈልገው አገኙ፤ ከፊት ነው፤ ሌላ እልልታ።

ጋሼ ሃብተአብ የብረት ፊታቸውን ቀና ብለው አላዩም። ዓይናቸው የነበረው የመጨረሻው ወንበር ላይ ቁጭ ባለው በተካ ላይ ነው።

ተካ ተጠርቶ ደወሉን በሁለት እጁ ተቀበለ። «እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ጀልባዬ ሥር ቁጭ ብሎ ውኃ የሚጠብቅ፣ ሲገባም በጣሳ እየቀዳ የሚደፋ ሠራተኛ ነበረኝ። ጋሼ ከባሕር ያመጡት ደወል ካለ እሱ ምን ያደርጋል ብዬ አሰናብቼዋለሁ። በእሱ ቦታ ሁለት ተሳላሚ እጨምራለሁ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ጋሼ ሃብተአብ ተነሥተው ወደ ፊት መጡ። የማኅበሩን ሴቶች አንድ በአንድ አዩ። ማይኩ እጃቸው ገባ።

«እኔ እንኳ ይህን ያህል የሠራሁት ...»

ጭብጨባ።

«ማለቴ፣ ደወሉ ባሕር ላይ ትንሽ ...»

እልልታ። አቶ ታዲዎስ ፈገግ ብለው ማይኩን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲህ እንደሰማችሁት፣ ትሕትና ...»

ጋሼ ሃብተአብ ማይኩን አልለቀቁም። አቶ ታዲዎስ ሳቡ፤ እሳቸውም ሳቡ። ድምፅ ማጉያው ጮኸ።

«ማጨብጨብ አቁሙ!»

ሰፈሩ እሳቸው ሲቆጡ ሰምቶ አያውቅም። ወይዘሮ መብርሂት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ተካ፣ ደወሉን እዚያ አስቀምጠው። አስቀምጠው አልኩህ! ያሰናበትከውን ሰው ዛሬውኑ ደውለህ መልሰው፤ ካልመለስከው ከእነዚህ ሴቶች አንዷም ጀልባህን አትረግጥም። እኔ ራሴ ሐይቁ ዳር ቆሜ እከለክላለሁ።»

«ጋሼ» አለ ተካ ግራ ገብቶት፣ «የባሕሩ መርከብ ...»

«መርከብ አልነበረም። ዓሣ የሚጫንባት ጀልባ ናት። ሦስት መቶም አራት መቶም ሰው የለም፤ አራት ሰው ነበርን። ግሪክ የለም። ካፒቴን የለም። የወርቅ ሰዓት የለም። ደወሉ ዘይት ይዞት ተጣበቀ፤ አንዴም አልጮኸም። እኛም እሱን አምነን ታች ያየ አልነበረም። እኔ ማንንም አላዳንኩም፤ እኛንም ያዳኑን ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ጀልባዋ ሰጥማለች።»