ቦሰና ልብን ስታማ

ቦሰና አእምሮ ይከፍታል፣ ሲበዛ ግን ያሳብዳል የሚባለውን አብሾ ጠጥታለች ተብሎ ነበር። ጎጃም ድረስ ሄዳ፣ ከአንድ ደብተራ እጅ፣ ሦስት ፍሬ። ወሬው ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሲደርስ ሰባት ፍሬ ሆነ፤ ጭድ ተራ ላይማ ልጅቷ ጨርቋን ልትጥል ምንም አልቀራትም። እኔም ሁለት ፍሬ ጨምሬበታለሁ፤ አልክድም።

ውሸት ነው። ቦሰና ጎጃምን የምታውቃት በካርታ ብቻ ነው።

በ1997 ዓ.ም. አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ሠርኬ ቁርጡን ነገሯት፦ «ዩኒቨርሲቲ ካላለፍሽ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ከጎኔ በርበሬ መቀንጠስ ነው።»

ከትምህርት መልስማ መቀንጠሱ አልቀረላትም። በርበሬ በረንዳ ላይ እትዬ ሠርኬን ጨምሮ ስድስት ሴቶች ክምሩን ከበው የዛላውን ጭራ ይቀነጥሳሉ፣ ሰው ያማሉ። በዚያ እጅ ደብተር አይገለጥ! ስለዚህ ቦሰና ዕቅድ አወጣች፦ የሁለት ዓመቱን ትምህርት በቀን በቀን ከፋፍላ፣ በእንግሊዝኛ የተማረችውን ሁሉ በአማርኛ ልታማው።

«ጉድ ስሙ! ደም ቆሻሻውን ተሸክሞ በቀኝ በር ልብ ቤት ገባ። ልብ ሆዬ ወደ ሳንባ አባረረችው። እዚያ ታጥቦ በግራ በር ተመልሶ መጣ።»

«አስገባችው?» አለች ወርቅዬ፣ ከቀንጣሾቹ ሁሉ ምላሷ የሰላው።

«አስገባችው።»

«ሞኝ! ነገ ቆሽሾ ሊመጣ!»

«ነገ? በደቂቃ ሰባ ጊዜ ነው በሯን የምትከፍትለት!»

«ኧረ ውርደት!»

በርበሬ በረንዳ ሐሜት አይረሳም። ፈተናው ሲቃረብ ቦሰና ስትከልስ፣ የታጠበውን ደም በቀኝ በር መለሰችው።

«በግራ ነው!» ስድስቱም ጮኹ። ወርቅዬማ ከምር ተቆጣች፦ «አንቺ፣ ስም ስታጠፊ እንኳ አስተካክለሽ አጥፊ!»

ፈተናው ላይ ልብ መጣች። ቦሰና ፈገግ ብላ ግራ የሚለውን መልስ አጠቆረች።

ክረምት ላይ የመጣው ውጤት ሕክምና የሚያስገባ ሆነ። በረንዳው ላይ እልልታው የጎረቤቱን በርበሬ ወፍጮ ድምፅ ዋጠው። እትዬ ሠርኬ በበርበሬ እጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ያለቀሱት በደስታው ይሁን በበርበሬው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ወርቅዬ ተነስታ «ዶክተሯን ያስተማርኩ እኔ ነኝ!» እያለች ለሚያልፈው ሁሉ አወጀች።

ቦሰና እየሳቀች ቆየችና፣ «እውነቷን እኮ ነው፤ ትምህርቱን ሰባታችንም ችለነዋል። ታዲያ ለምን እኔ ብቻ እሄዳለሁ?» ብትል፣ ስድስቱም ወደ ክምሩ ዞረው መቀንጠሳቸውን ቀጠሉ።