የአሰለፈች አስተርጓሚ

ጭረት በማግኘት መኳንንት አባተን የሚስተካከል ሰው አላውቅም። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው የኪራይ መኪና መመለሻ ግቢ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ተከራዩ መኪናውን አቁሞ ቁልፉን ሲያስረክበው፣ መኳንንት አንድ ጊዜ ዙሪያውን ይዞርና ጣቱን ማንም ያላየው ቦታ ላይ ያሳርፋል። «ይቺ ስትወስደው አልነበረችም» ይላል በትሕትና። የተናደደው ሰው ስድቡን የሚጨርሰው እኔ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ተከራዮቹን ከግቢው ወደ ተርሚናል የማመላልሰው እኔ ንዋይ ነኝና። ስለ ወዳጄ የምጽፈው ላማው ብዬ አይደለም። ካማሁትም ራሴን ጨምሬ ነው፤ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ።

ከሥራው ውጪ መኳንንት የከተማችን የጋርላንድ አበሻ ሁሉ አስተርጓሚ ነበር። ማንም አልሾመውም። ሐኪም ቤት ይሁን፣ የልጆች ትምህርት ቤት ወይም የትራፊክ ፍርድ ቤት፣ ብቻ እንግሊዝኛ ያስፈራው ሰው እሱን ይዞ ይሄዳል። ገና ሳይጀምር ሁልጊዜ የሚላት ነገር አለች፦ «ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምናገረው፤ እንዲተረጎም የማትፈልጉትን እንዳትናገሩ።» አንዲት ሴትዮ ዶክተሩን በአማርኛ «ይሄ ደንቆሮ» ብትለው፣ አይኑን ሳያሽ ቃል በቃል ተርጉሞ ጉድ አድርጓታል። ሳቅንበት፤ ግን ከዚያ በኋላ የመኳንንትን ትርጉም የሚጠራጠር ሰው ጠፋ።

የኮንግረስ ተወካያችን ሚስተር ሆልኮም ደግሞ ለመኳንንት ከሰው ሁሉ የተለየ ነበር። የሚስቱ የአይናዲስ የመምጫ ወረቀት አራት ዓመት ሙሉ የሆነ ቢሮ ውስጥ ተኝቶ ሲቀር፣ ከሆልኮም ጸሐፊዎች አንዷ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ በሁለት ወሩ አይናዲስ ሻንጣዋን እየገፋች መጣች። ከዚያ ወዲህ የሆልኮም ክራባት ተጣምሟል ብትሉት እንኳ ይጣላችኋል። ውለታ አይረሳም። ይህን ባሕርዩን እወድለት ነበር፣ አሁንም እወድለታለሁ።

ባለፈው ምርጫ የምርጫ ወረዳው ድንበር እንደገና ተሰምሮ ጋርላንድና ጎረቤቷ ከተማ ሮውሌት አንድ ላይ ሲገቡ፣ ማርጎ ቴልፈር የምትባል የሮውሌት ሴት ሆልኮምን ልትገዳደር ተነሣች። ልዩነቱ ጥቂት መቶ ድምፅ ብቻ ሊሆን ይችላል ሲባል፣ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ሳምንት ውስጥ አበሻ የሚባል ሕዝብ መኖሩ ትዝ አላቸው። እስከዚያ ድረስ እኛን የሚያስታውሰን እሁድ እሁድ በሩ ላይ መኪና ስለምናቆም የሚከሰን የቤተ ክርስቲያናችን ጎረቤት ብቻ ነበር።

አንድ አበሻ ግን ማርጎን ከማንም ቀድሞ ያውቃት ነበር፤ ኃይለ መስቀል። የማርጎን ሽማግሌ አባት ቤታቸው እየሄደ የሚንከባከብ እሱ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አጥቧቸዋል፣ ጢማቸውን ላጭቷቸዋል፣ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ሐይቁ ዳር እየገፋ አናፍሷቸዋል። መስከረም ላይ ድንገት ልቡ ቀጥ አለና ሞተ። ሚስቱ አሰለፈች ብቻዋን ቀረች፤ ልጅ አልነበራቸውም።

በለቅሶው በሁለተኛው ቀን ማርጎ አባቷን እየገፋች መጣች። በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ አይታ የሷንም አወለቀች። መኳንንት እንደ ልማዱ በሁለቱ ሴቶች መሐል ተቀመጠ። እኔ ውጪ ወንበር እየደረደርኩ ስለነበር የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ያየሁት ሽማግሌው እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ማርጎ በየሳምንቱ ቅዳሜ አባቷን ይዛ አሰለፈች ቤት ብቅ ትል ጀመር። አሰለፈችም ለአርባው ሁለቱም እንዲመጡላት በመኳንንት በኩል ጠራቻቸው። «ባሌን ከኔ ቀጥሎ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው» አለች።

ነገሩ የተበላሸው ጥቅምት ላይ ነው። ከምርጫው ቀን ቀድሞ ድምፅ መስጠት ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በአዳራሻችን የአማርኛ ክርክር ተዘጋጀ። በሆልኮም በኩል መኳንንት፣ በማርጎ በኩል ሐሴት የምትባል እዚሁ ያደገች ነርስ ቀረቡ። አሰለፈች ሐዘን ላይ ስለሆነች አልመጣችም።

መኳንንት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅቷል። ተነሥቶ ስለ ልምድ ተናገረ፤ ማርጎ አንድም ቀን ቢሮ መርታ እንደማታውቅ፣ አዲስ ሰው ሥራ እስኪለምድ የኛ ወረቀት ዓመት እንደሚተኛ አስረዳ። የአይናዲስንም ታሪክ ጨመረ። ጥሩ ተናግሯል፤ ተጨበጨበለት። ቀጥላ ሐሴት በዚያ እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ በሚል አማርኛዋ ጀመረች።

«ሶ፣ ጋሼ መኳንንት፣ ያ ፌቨር አይደለም፤ ማለቴ፣ ውለታ አይደለም፤ ኦፊሱ ለማንም ማድረግ ያለበት ጆቡ ነው። ማርጎም ብትገባ ያው ኦፊስ ይኖራታል። ደግሞ ያንተን ሚስት ያመጣችው ጸሐፊዋ ናት። እሱ ራሱ ግን የሌላውን ሰው ሚስት የሚያስቀር ሕግ ላይ የስ ብሎ ቮት አድርጓል። ቀኑን ልንገርህ?»

ቀኑንም ነገረችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የመኳንንት ፊት ቲማቲም መሰለ። ወረቀቱን ገለበጠ፤ ምንም አላገኘበትም። እዚያ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ክርክር ተሸንፎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ይሆን ነበር፤ በሳምንቱ ይረሳ ነበር። እሱ ግን ማይክሮፎኑን አነሣ።

«ስለ ሕግ አላውቅም» አለ። «ስለ ሰው ግን አውቃለሁ። ይቺ ሴት የኃይለ መስቀል ለቅሶ ቤት ገብታ ድምፅ ለምናለች። እንባ ባልደረቀበት ቤት! ማን ነገረህ እንዳትሉኝ፤ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ።»

የኛ ሰው ብዙ ነገር ይችላል፤ ይቺን ግን አይችልም። አንድ አዛውንት «ኤዲያ!» ብለው በመዳፋቸው ጉልበታቸውን መቱ። ከዚያ ጭብጨባው መጣ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ሐሴት ለቅሶው ቤት አልነበረችም፣ በምን ታስተባብለው?

መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከትላው መጣች። «ጋሼ፣ ፕሊስ፣ እውነት እንደዛ አለች?» አለችው። አይኗ እንባ ሞልቷል።

«አስተርጓሚው አንቺ ነሽ እኔ?» ብሎ መኪናውን አስነሣ።

ንግግሩን በስልክ የቀረጹት ነበሩና በሁለት ቀን ውስጥ ከማኪኒ እስከ አርሊንግተን ያልደረሰበት ስልክ አልነበረም። ማርጎ ነገሩ ሐሰት ነው ብላ አጭር መግለጫ አወጣች፤ ማን አንብቦት! እኛ አስተርጓሚያችንን እናምናለን።

የአርባው ዕለት፣ ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አሰለፈች ከፊት ረድፍ ለማርጎ አንድ ወንበር ይዛ፣ ከጎኑ ደግሞ ለተሽከርካሪው ወንበር ቦታ ለቅቃ ጠበቀች። ስልክ ስለማትነካ ወሬው አልደረሳትም፤ ቤቷ የሚገባው ሰውም ደፍሮ አልነገራትም። ባለፈው ቅዳሜም ቀርተውባት ነበርና፣ ጸሎቱ ሊያልቅ ሲል መኳንንትን ጠርታ «ኮል አድርግላትማ፣ ምን ሆነው ነው?» አለችው። ወጣ ብሎ ደወለ። ተመልሶ መጣና «ምርጫው ስለደረሰ ሥራ በዝቶባታል» አላት። አሰለፈች ባዶውን ቦታ አየችና «እሺ፣ ሥራ ነው» አለች። የተለቀቀውን ቦታ ግን ማንም እንዲይዘው አልፈቀደችም።

ሆልኮም በስድስት መቶ አስራ አንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። የኛ አዳራሽ ነው ያሸነፈለት አልልም፤ ማን ያውቃል? ለድሉ ግብዣ መኳንንት በስሙ ካርድ ተላከለት፣ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ቀረ። ጉንፋን አልነበረውም። በማግሥቱ ግቢው ውስጥ ሲሠራ አይቼዋለሁ፤ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጠየቅሁት፣ «ደክሞኝ ነው» አለ።

የካቲት ላይ ሐሴት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኘችኝና የማርጎ አባት እንዳረፉ ነገረችኝ። ከተቀበሩ አስር ቀን ሆኗቸዋል። በነጋታው ለመኳንንት ስነግረው የያዘውን ቁልፍ ጣለው።

«አሰለፈች ለቅሶ አልደረሰችም» አለ።

«አላወቀችማ» አልኩት።

«በኔ ነው። ንዋይ፣ ሁሉም በኔ ነው።» የአንድ መኪና በር ተደግፎ ሁሉንም ዘረገፈልኝ። ለካ ያን ቀን ለቅሶ ቤት ስለ ምርጫው ያነሣው ራሱ ነበር፤ ዝምታው ቢከብደው ለወግ ያህል «ለኮንግረስ ትወዳደሪያለሽ አሉ» ብሏት ነው። ማርጎም «ዛሬ የመጣሁት ለኃይለ መስቀል ነው፤ ያንን ሌላ ቀን እናወራለን» ብላዋለች። ይህንኑ ለአሰለፈች ተርጉሞላት፣ አሰለፈች የሴትዮዋን እጅ ይዛ ስማዋለች። የአርባው ቀን በስልክ የነገረችው ደግሞ ሌላ ነው፦ «ከተባለው በኋላ ብመጣ ድምፅ ፍለጋ መጣች ይባላል፤ የሐዘኗን ቀን አላበላሽባትም። ይቅርታ እንድታደርግልኝ ንገራት።» ከምርጫው በኋላም ማርጎ አልመጣችም፤ ወሬው አሰለፈችም ዘንድ ደርሶ አሰለፈች ያመነችው መስሏታል። «እነግራታለሁ እያልኩ ወራት አለፉ» አለ። «ስታስቅብኝ እኮ ነው የዋሸሁት፣ ያቺ ልጅ። ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ።»

መኳንንትን ልቆጣው ፈልጌ ነበር። እጄ ግን ያን ቀን ሲያጨበጭብ ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን አልችልም ስላለኝ አብሬው ሄድኩ። አሰለፈች የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር። መኳንንት ቆሞ፣ ከአዳራሹ ጀምሮ እስከ ሽማግሌው ቀብር ድረስ ነገራት። ካውያውን ነቀለችና ተቀመጠች። ትጮኻለች ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አልጮኸችም።

«ባሌ ከሞተ ወዲያ ምን ታደርግልኛለች ብላ የተወችኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «ይህን ሁሉ ወር ተቀይሜያት ከረምኩ። ሰውየው ሞተው ሲቀበሩ እኔ እዚህ ተቀምጬ እቀየማት ነበር። እሷን እኮ ነው ያስጠላኸኝ፣ መኳንንት።»

«እትዬ አሰለፈች፣ ይቅር በይኝ።»

«መጀመሪያ ደውልላት። ስፒከር ላይ አድርገው።»

ደወለ። ማርጎ አነሣች። አሰለፈች ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ መናገር ጀመረች፤ እሱ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። እግዚአብሔር ያጥናሽ አለቻት። አባትሽ መሞታቸውን ዛሬ ገና ሰማሁ አለቻት። ለአርባው ቦታ ይዤላችሁ ነበር አለቻት። ያን ሁሉ አሳምሮ ተረጎመ።

«አሁን ደግሞ እንዲህ በላት። በባሌ ለቅሶ ቤት ድምፅ ለመነች ብሎ የዋሸብሽ፣ ይሄ አሁን የሚያናግርሽ ሰውዬ ነው።»

መኳንንት ዞር ብሎ እኔን አየኝ፤ ምን ላድርግለት?

«ሳልጨምር ሳልቀንስ የምትል አንተ አይደለህም?» አለችው።

ተናገረው። እንግሊዝኛው እንደዚያ ቀን ተሰባብሮበት አያውቅም፤ ግን አንድም ቃል አልቀነሰም። ከዚያ ማርጎ ቀስ ብላ ተናገረች፤ እሱም አይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተረጎመ።

«አውቃለሁ ትላለች። አንቺ እውነቱን ማወቅሽን ነበር የማላውቀው ትላለች። አሁኑኑ ነይ ትላለች።» እዚህ ላይ ትንፋሽ ወሰደ። «እሱ ግን አይምጣ ትላለች።»

ስለ ራሱ «እሱ» ብሎ ሲተረጉም አንጀቴን በላው። ትክክለኛ አስተርጓሚ እንደዚያ ነው የሚለው። አሰለፈች ነጠላዋን ለበሰች፣ ይቅር አልኩህም አልልህምም ሳትለው በአጠገቡ አልፋ ወጣች። ወደ ሮውሌት እኔ ነዳሁላት።

አሰለፈች የማርጎ ቤት በር ላይ ጫማዋን አወለቀች። ማርጎ ይህን ስታይ እሷም ጎንበስ ብላ የራሷን አወለቀች። ባዶው ተሽከርካሪ ወንበር መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። አጠገቡ ተቀመጡና አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በእንግሊዝኛ እያወሩ አለቀሱ። የሁለቱንም እሰማ ነበር። ልተርጉም ብዬ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፤ ማናቸውም ዞረው አላዩኝም።

ሰኞ መኳንንት አውቶቡሴ በር ላይ ጠበቀኝ። «ተነጋገሩ?» አለኝ።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ።»

«ማን አስተረጎመላቸው?»

«ማንም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። አንድ ተከራይ መኪናውን አቁሞ ቁልፉን ሰጠው። መኳንንት ቁልፉን ተቀበለና መኪናውን ዞሮ ጭረት ሳይፈልግ ሰውየውን አሰናበተው።