ጋሽ ጴጥሮስና የአብራሪው ሰደርያ

ባለፈው ማክሰኞ፣ ቀይ አፈር ትምህርት ቤት ሳይንስ እያስተማርኩ ሳለ፣ ወደ ጂንካ የሚሄድ አይሮፕላን ድምፅ ተሰማ። ተማሪዎቼ እኔን ከነጠመኔዬ ጥለውኝ ወደ ውጭ ሮጡ። "ቁጭ በሉ" ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በዚያ ድምፅ ውስጥ የስፌት መኪና ዘይት ሸተተኝ፤ ጋሽ ጴጥሮስ ትዝ አሉኝ።

ጋሽ ጴጥሮስ ጂንካ ሳለን ጎረቤታችን የነበሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። የአሪ ሰው ነበሩ፤ አማርኛን ቀስ እያሉ፣ ቃል እየመረጡ ይናገራሉ። የስፌት መኪናቸው በረንዳው ላይ ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ይቀመጣል። የጂንካን ሜዳ ለማያውቅ ላስረዳ፦ ያኔ አይሮፕላን የሚያርፍበት ሣር ከተማው መሀል ነበር። ከብት ይግጥበታል፤ አይሮፕላን ሲመጣ ዘበኛው ከብቱን ያባርራል፤ ዝናብ ከጣለ ግን ጭቃው ጎማ ስለሚውጥ ማንም አይነሣም።

ልጅ ሳለሁ፣ የሰሜኑ ጦርነት በበረታበት ዘመን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የወታደር አይሮፕላን አረፈ። ከአብራሪዎቹ አንዱ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት ወጣት፣ ሰደርያውን አውልቆ በረንዳው ላይ ዘረጋው። የሰፈር ልጆች ከበብነው። ሰደርያው ከላይ እስከ ታች ኪስ ብቻ ነው፤ በአንዱ ፊሽካ፣ በአንዱ በፀሐይ የሚያብለጨልጭ መስታወት፣ በሌላው ክብሪትና የዓሣ መንጠቆ። አይሮፕላኑ ጫካ ውስጥ ቢወድቅ፣ ፈላጊ እስኪደርስ ሰው በሕይወት የሚቆየው በእነዚህ ነው አለን።

"ጋሼ፣ ይቺን የተቀደደች ኪስ ቶሎ ይስፉልኝ።"

ጋሽ ጴጥሮስ ስፌቱን በጥፍራቸው ሞከሩት። "ክሩ በስብሷል። አንዱን ብሰፋ ሌላው ይለቃል" ብለው ሁሉንም ፈቱት። ሰፍተው ሳይጨርሱ ከተራራው በኩል ደመና ወረደ። አብራሪው ተጠራ፤ ሞተሩ ተነሣ። ጋሽ ጴጥሮስ መርፌ የተንጠለጠለበትን ሰደርያ ይዘው ሮጡ። ሜዳው ዳር ሲደርሱ አይሮፕላኑ ከዛፎቹ በላይ ነበር።

"ያለዚህ ቢወድቅ በምን ይጣራል?" አሉ፣ ዝናቡ እየደበደባቸው።

ከዚያ ወዲያ የአይሮፕላን ድምፅ በተሰማ ቁጥር፣ የሚለኩትን ደንበኛ በቆመበት ትተው፣ ሰደርያውን አጥፈው ክንዳቸው ላይ ጥለው ወደ ሜዳው ይሄዳሉ። ሥጋ ሻጩ ከማዶ ይተርባቸዋል።

"ጴጥሮስ! አማችህ ዛሬም ቀረ?"

"ይቅር። ልብሱ ተሰፍቶ ይጠብቀው።"

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሌላ የወታደር አይሮፕላን መጣ። ጋሽ ጴጥሮስ ጠባሳውን በጣታቸው ግንባራቸው ላይ እየሣሉ ለአብራሪው አሳዩት። አብራሪው ግን ሰውየውን አላወቀውም። ያን ጊዜ ዓይናቸው ደረቱ ላይ አረፈ፤ የለበሰው ሸሚዝ ብቻ ነው።

"የአንተስ የታለ ልጄ?"

"ለሁላችንም አልደረሰም፣ አባባ።"

ሰደርያውን ከክንዳቸው አውርደው ዘረጉት። ከዚያ በገዛ እጃቸው አለበሱት፤ ዚፑን እስከ አንገቱ ሳቡለት። "አንተ ልበሰው። እሱን ካገኘኸው ግን፣ ጴጥሮስ ጨርሶታል በለው።"

ከዚያ በኋላ እጃቸው ባዶ ስለሆነ ወደ ሜዳው አልሄዱም። ድምፅ ሲሰሙ ግን እግራቸው ፔዳሉ ላይ ይቆማል፤ አንጋጠው ያዳምጣሉ።

መምህራን ማሠልጠኛ ልገባ ስል ኮቴን ተቀበሉኝና ውስጡ ክዳን ያለው ኪስ ሰፉበት። ከገበያ የገዙትን ቀይ የፕላስቲክ ፊሽካ ከተው ቆለፉት። "የማታውቂው አገር ነው። ብትጠፊ ንፊው።" ሳልመረቅ አረፉ።

ኮቱ ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ያ ኪስ ግን እስካሁን አንድ ክር አልለቀቀም። ማክሰኞ ዕለት ፊሽካውን ከዚያ አውጥቼ ነፋሁ፤ ተማሪዎቼ እየተጋፉ ተመለሱ። እኔ ግን ድምፁ ከተራራው ጀርባ እስኪጠፋ ደጃፉ ላይ አንጋጥጬ ቆምኩ።