አያቴ ዱዓ ያደርጉለት የነበረው ደራሲ

አያቴ፣ አላህ ይርሐማቸውና፣ ፈረንሳይኛ የለመዱት ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት መልስ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠው የአንድ ፈረንሳዊ ፈላስፋ ልቦለድ ወደ አማርኛ እየመለሱ ለጎረቤት ያነቡ ነበር። አንብበው ሲያበቁ ለደራሲው ዱዓ ያደርጋሉ።

አንድ ቀን ጓደኛቸው፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ "አቦ፣ ሰውዬው በአላህ አላምንም ብሎ የለ እንዴ?" አሏቸው።

"ለራሱ አልለመነማ። እኛ እንለምንለት እንጂ" አሉ አያቴ።

ካረፉ ሁለት ወር ሆናቸው። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቶቻችን በለመዱት ሰዓት መጥተው ባዶውን ወንበር ከበው ተቀመጡ። ነጋዴው መጽሐፉን አቀበሉኝ።

"ፈረንሳይኛ አልችልም" አልኳቸው።

"እሳቸው ያነበቡልንን ንገሪና።"

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የረሳሁትን እነሱ እየሞሉልኝ፣ የመግሪብ ሶላት እስኪደርስ አወራን።