ይበልጣል ሞጣ ላይ የወደቀ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ቢቸና ገበያ፣ አንድ ልብስ መሸጫ በር ላይ ተጠቅልሎ የቆመ ሐምራዊ ምንጣፍ አየሁና ምን እንደሆነ ጠየቅኩ። «ለዮጋ ነው እትዬ፤ ቴኳንዶ የሚሠሩት ልጆች ናቸው የሚገዙኝ» አለኝ ነጋዴው። ሳቄ መጣ። እኛ ለዚሁ ነገር የማዳበሪያ ጆንያ ነበር የምናነጥፈው። ከሳቁ ቀጥሎ ግን ይበልጣል ትዝ አለኝና ጥዬው ሄድኩ።

ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ቴኳንዶ የምንሠራ ሴቶች ሁለት ነበርን፤ አንደኛዋ ብዙም ሳትቆይ ስላገባች ብቻዬን ቀረሁ። አሠልጣኛችን ማስተር ዓለሙ ደብረ ማርቆስ ሲማሩ አንድ ሕንዳዊ የሒሳብ መምህር ዮጋ አስተምረዋቸው ነበርና፣ ከልምምድ በፊት እኛንም ያሠሩን ነበር። ጤዛው ሳይረግፍ ጆንያችንን ዘርግተን ትንፋሽ በዝግታ ማስገባት፣ በዝግታ ማስወጣት፣ የታፋን ጅማት እያባበሉ ማርዘም፣ በአንድ እግር ቆሞ አለመወዛወዝ። መጀመሪያ የሰነፍ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ውሎ አድሮ እግሬ ከትከሻዬ በላይ ሲነሣ፣ በግጥሚያ መሐልም ትንፋሼ ሳይቆራረጥ የባላጋራዬን ዓይን ማየት ስችል ነው የገባኝ።

ከሁላችን ጎበዙ ይበልጣል ነበር፤ የመሪጌታ ፈንታ የመጨረሻ ልጅ። እወደው ነበር። ነግሬው አላውቅም፤ ጆንያዬን ግን ሁልጊዜ ከጆንያው አጠገብ ነበር የማነጥፈው። ማትሪክ ስላልመጣለት የቀረው በር አንድ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሞጣ ላይ በሚደረገው ውድድር ያሸነፈ ባሕር ዳር ሄዶ ይሠለጥናል፣ ከዚያም አሠልጣኝ ይሆናል። ሌት ተቀን የሚያወራው ስለዚህ ብቻ ነበር።

በዐቢይ ጾም መሐል አንድ ወሬኛ ለመሪጌታ፣ ልጆቹ በየማለዳው ወደ ምሥራቅ ዞረው፣ መዳፋቸውን ገጥመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደሚቀመጡ ነገራቸው። መሪጌታም መቋሚያቸውን ይዘው ሜዳው ድረስ መጡ።

«ልጄ ለፀሐይ አይሰግድም» አሉ።

«ሰውነት ማፍታቻ ነው እንጂ አምልኮ አይደለም መሪጌታ» አሉ ማስተር።

«ስግደት ካማራችሁ ቤተ ክርስቲያኑ አለላችሁ። መራገጡን ይራገጥ፤ ይኼ ግን አይሆንም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይበልጣል ዮጋው ካለቀ በኋላ ይመጣ ጀመር። አባቱን ይወዳል፤ ተደብቆ መሥራት የሚባል ነገር አያውቅም። ስጨቀጭቀው ይስቅብኛል።

«አንቺ ደግሞ! ስግደቱስ ያው ማፍታቻ አይደል? መውደቅ መነሣት ነው። ስቅለት ዕለት ከሁላችሁ በላይ እሰግድልሽና ታያለሽ።»

እውነትም ሰገደ። እኛ ዐረፍ ስንል እሱ አላረፈም፤ ነጠላው በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። ስቅለትን የሰገደ ሰው በማግስቱ ታፋው ምን እንደሚሆን ያውቀዋል፤ በርጩማ ላይ መቀመጥ እንኳ መከራ ነው። እኔም ሰግጃለሁ፤ ግን ቅዳሜም፣ ፋሲካ ዕለትም ጆንያዬ ላይ ተዘርግቼ ሕመሙ እስኪለቀኝ እግሬን አባብዬዋለሁ። እሱ እንደ ገመድ የተወጠረ እግሩን ይዞ ማክሰኞ አውቶቡስ ላይ ወጣ።

የሚያዝያ አቧራ በመስኮቱ እየገባ አፋችንን ሞላው። ደብረ ወርቅን ስናልፍ እናቴ የቋጠረችልኝን ድፎ ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁት። ሞጣ ስንደርስ ታፋውን በሁለት እጁ ደግፎ ነው የተነሣ።

«ቆይ፣ ትንሽ ላፍታታህ» አልኩት።

«ለአባቴ ቃል ገብቻለሁ የሺ። ተይኝ።»

በግጥሚያው ይበልጣል እየመራ ነበር። ባላጋራው የሞጣ ነጋዴ ልጅ፣ ጠንካራ ግን ዘገምተኛ ነው። ማስተር «በቃህ፣ ጠብቅ!» እያሉ ይጮኻሉ። ይበልጣል ግን ያን ከፍ ያለ ርግጫውን ሊደግም እግሩን ሰነዘረ። ታፋው ጧ ሲል ከተቀመጥኩበት ሰማሁት። ወደቀ። አልጮኸም፤ ታፋውን ጨብጦ ዞሮ አየኝ። ተሸክሞ ያወጣው ያው የሞጣው ልጅ ነው።

ወጌሻ አሸው፣ ጠበል ሄደ፤ እግሩ እንደ ቀድሞው አልሆነም። እኔ በሴቶቹ አሸንፌ ባሕር ዳር ገባሁ። ክረምቱ አልፎ ስመለስ ይበልጣል የለም፤ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዷል አሉኝ። እዚያው በወባ መሞቱን ከሰው አፍ ሰማን። መርዶው የተነገረ ቀን ከለቀስተኛው መሐል ቆሜ አባቱን ጠላኋቸው፤ ለብዙ ዓመታት ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር።

አሁን እዚሁ ቢቸና የስፖርት መምህርት ነኝ። መሪጌታ አርጅተው፣ ወገባቸው ተይዞ ከአልጋ መውረድ ቢያቅታቸው ሴት ልጃቸው መጥታ እንዳፍታታቸው ለመነችኝ። እምቢ ልል አስቤ አፌ እሺ አለ። ሰሞኑን እየሄድኩ እግራቸውን ይዤ፣ «ትንፋሽዎን ያስገቡ፤ ቀስ ብለው ያስወጡ» እላቸዋለሁ። ትናንት አንድ ጊዜ ትንፋሻቸውን አስወጡና፣

«የሺ» አሉኝ።

«አቤት መሪጌታ።»

«ያን ጊዜ ልጄን የከለከልሁት ይኼንን ነው?»

«አዎ።»

«ሌላ ምንም የለበትም?»

«የለበትም መሪጌታ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እነግራቸዋለሁ ብዬ ያዘጋጀሁት ክፉ ንግግር ነበረኝ፤ ተውኩት። ልጃቸውን የሚያስታውስ ሰው በዚህ ከተማ ከእኔና ከእሳቸው በቀር ስንት ቀርቷል? እግራቸውን እንደያዝኩ አብሬያቸው አለቀስኩ።